ታርጋው የት ይቀመጥ? የፖርሼ 356 ጀርባ በሂሳዊ ዓይን

የስፖርት መኪና ሲገመገም ፊቱ ይቀድማል። የግንባር መብራቶቹ አቀማመጥ፣ የኮፈኑ ተዳፋት፣ የጣሪያው ኩርባ፣ ከዚያም የሞተሩ ጉልበትና ፍጥነቱ ይነሳል። እስከ ጀርባው የዘለቀ ገምጋሚም ቢሆን ታርጋውን እንዳላየ ያልፈዋል። ይህ ዳሰሳ የሚጀምረው ሌላው ከሚያልፈው ቦታ ነው። የምመለከተው ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1965 የተሠራው ፖርሼ 356 ነው (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ለቅርጹ ያን ያህል የተደከመለት መኪና፣ ሕግ ግድ ላለው ለዚያ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ምን ዓይነት ቦታ ሰጠው? ሲመሽስ እንዴት አበራለት?

ጥያቄው ተራ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ታርጋ ንድፍ አውጪው ከማያዝባቸው ጥቂት የመኪና ክፍሎች አንዱ ነው። ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን ቁመት፣ በጨለማ ከስንት ሜትር መነበብ እንዳለበት የሚወስነው መንግሥት ነው። ለንድፍ አውጪው የሚቀሩለት ሁለት ውሳኔዎች ናቸው፦ የት እንደሚቀመጥና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣለት። በራሱ ፈቃድ የሚሠራውን አሳምሮ የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ነው። የታዘዘውን ግዴታ ከሥራው ጋር አዋሕዶ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው። የአንድ ንድፍ ብስለት የሚለካው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ 356ን የምመዝነውም በዚህ ሚዛን ነው።

ጠፍጣፋው ነገር በክብ ገላ ላይ

የፖርሼን ስም ያነገበው የመጀመሪያው መኪና በኦስትሪያ፣ ኬርንተን ግዛት፣ ግሙንድ በተባለች ከተማ ተሠራ። ሰኔ 8 ቀን 1948 የግዛቱ አስተዳደር በመንገድ ላይ እንዲነዳ ፈቀደለት፤ ኬ 45 286 የሚለው ታርጋውም እስከ ዛሬ በመኪና አፍቃሪዎች ዘንድ ይታወቃል። በ1950 ምርቱ ወደ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ውስጥ ወዳለው ትሱፈንሃውዘን ተዛወረ። ገላውን የነደፈው ኧርቪን ኮሜንዳ ነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በቮልስዋገን ቢትል ገላ ላይም ሠርቷል። የዝምድናው ምልክትም ቅርጹ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የመጀመሪያዎቹ 356ቶች ብዙ የሜካኒክ ክፍሎቻቸውን ከቢትል ተውሰዋል።

የኮሜንዳ ሥራ ውበት ያለው በመስመሩ አለመቋረጥ ነው። ጣሪያው ከመስተዋቱ ጀርባ ቀስ እያለ ይወርድና በኋላ ኮፈኑ ላይ አልፎ እስከ ፓራውልቱ ድረስ ሳይሰበር ይፈሳል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ኮፈኑ የአየር መግቢያ ፍርግርግ አለው፤ ከዚያ ውጭ ጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ገጽ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ታርጋ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀጥ ብሎም መቆም አለበት፤ የ356 ጀርባ ደግሞ ከላይ ወደ ታችም፣ ከግራ ወደ ቀኝም ክብ ነው። ገላው ለታርጋ የሚሆን ጉድጓድም ሆነ መደብ አልተዘጋጀለትም። ስለዚህ ታርጋውም መብራቱም በተጠናቀቀ ቅርጽ ላይ በኋላ የተጨመሩ ሆኑ። በእኔ ግምት የዚህ መኪና አንዱ እውነተኛ ጉድለት ይህ ነው። ፋብሪካው በቀጣዮቹ ዓመታት ያደረጋቸው ለውጦችም ይህን የመጀመሪያ ጉድለት የማረም ጥረቶች ሆነው ሊነበቡ ይችላሉ።

ሦስት መፍትሔዎች

የመጀመሪያው መፍትሔ ከላይ ወደ ታች ማብራት ነበር። እስከ 1957 ጸደይ ድረስ የታርጋው መብራት ከታርጋው በላይ ተቀምጦ ወደ ታች ያበራ ነበር። ሐሳቡ ከቢትል ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ከምናያቸው ቮልሶች የአንዱን ጀርባ ያየ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል፦ ኮፈኑ ላይ እንደ አፍንጫ ጎላ ያለ የመብራት ቤት አለ፤ ታርጋው ከስሩ ነው። በቀደሙት ቢትሎች፣ እስከ ጥቅምት 1952 ድረስ፣ ይኸው ቤት የፍሬን መብራቱንም ይዞ ነበር።

እንደ ብርሃን ሥራ ይህ አቀማመጥ ጤናማ ነው። የመብራቱ መስተዋት ወደ ታች ስለሚያይ ዝናብ አይቋጥርበትም፣ አቧራም ቶሎ አይከማችበትም። አምፖሉ በቤቱ ስለተከለለ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ አይገባም፤ የሚያየው የበራውን ታርጋ ነው። ዋጋ የተከፈለበት ግን ሌላው ነገር ነው። ያ ከጣሪያው ጀምሮ ሳይቋረጥ የወረደው መስመር መድረሻው ላይ ሲደርስ በአንድ እብጠት ይሰናከላል። በቢትል ላይ ይህ እብጠት ከመኪናው ቀና ባሕርይ ጋር ይስማማል፤ 356 ላይ ግን እንግዳ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ በ1957 ጸደይ መጣ። ተሻሽሎ በወጣው ዓይነት፣ በ356 ኤ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው የተቀመጡት ክብ የኋላ መብራቶች ወጡና በእንባ ጠብታ ቅርጽ የተሠሩት ተተኩ። በዚያው ወቅት የታርጋው መብራት ከታርጋው በላይ መሆኑ ቀርቶ ከታርጋው በታች ሆነና ወደ ላይ ማብራት ጀመረ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የመኪናውን ዘመን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፦ መብራቱ ወደ ታች ያበራል ወይስ ወደ ላይ?

ለዓይን ይህ ለውጥ ድል ነው። ኮፈኑ ጸዳ፤ መስመሩ እስከ መጨረሻው ወረደ። የ1957ቱ 356 ኤ ጀርባ በሁሉም የ356 ዘመን ካየኋቸው የላቀ ነው ብል አላጋነንኩም። ለብርሃኑ ግን ወደ ኋላ መሄድ ነበር። ኩራዝ ከአገጩ ስር ይዞ የቆመን ሰው ፊት ያየ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፦ ለብርሃኑ የቀረበው ክፍል ከመጠን በላይ ይነጣል፣ የራቀው ይጨልማል፣ ጥላውም ወደ ላይ ይጣላል። ወደ ላይ ያፈጠጠው መስተዋት በተጨማሪ ከጎማው የሚነሳውን ጭቃና ከዝናቡ የሚወርደውን ውኃ ይቀበላል። በማንኛውም መኪና ጀርባ የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት አቧራውን ወደ ኋላ ገጹ ስለሚስበው ይህ መብራት ካልተጠረገ ቶሎ ይደበዝዛል። ከታርጋው አልፎ የሚወጣውም ብርሃን ወደ ኮፈኑ ቀለም ይሄዳል፤ እዚያ ለማንም አይጠቅምም።

ሦስተኛው መፍትሔ በ1959 መኸር ከ356 ቢ ጋር መጣ። ፓራውልቶቹ ከፍ አሉ፤ የታርጋው ብርሃንም ከአንድ ማዕከላዊ ቤት መምጣቱ ቀርቶ በግራና በቀኝ ወደተቀመጡ ሁለት ትንንሽ መብራቶች ተከፈለ። ብዙ አፍቃሪዎች ይህን ጀርባ ከ356 ኤ ጋር ሲያወዳድሩት ከበድ ብሏል ይላሉ፤ ስለ ፓራውልቱ ከሆነ እውነት አላቸው። ለታርጋው ግን ከሦስቱ የተሻለው ይህ ነው፤ ይህን በስሌት ማሳየት ይቻላል።

ስሌቱ የሚለው

አንድ መብራት ከታርጋው ገጽ 5 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ፣ ከታችኛው ጠርዙ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መካከል ላይ ተቀመጠ እንበል። ታርጋው ረጅሙና ባለ አንድ መስመሩ የጀርመን ዓይነት፣ 52 በ11 ሴንቲሜትር ይሁን። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል፤ ገጹን በጎን ሲመታውም ይበልጥ ይደክማል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናሰላ ከመብራቱ ፊት ለፊት ያለው የታርጋው ታችኛ ጠርዝ ከግራና ከቀኝ ጠርዞቹ አጋማሽ ከ100 እጥፍ በላይ ይበራል። መካከሉ ነጭ ሆኖ ሲያብረቀርቅ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። እውነተኛው መብራት ብርሃኑን ወደ ጎን የሚበትን መስተዋት ስላለው ልዩነቱን ያጠብበዋል፤ አቀማመጡ ያመጣበትን ችግር ግን ፈጽሞ አያስወግደውም።

አሁን በዚያው ቦታ የአሜሪካ ታርጋ እናስቀምጥ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ ግዛቶች በ12 በ6 ኢንች፣ ማለትም በ30.5 በ15.2 ሴንቲሜትር መጠን ተስማምተዋል። በዚህ አጭር ታርጋ ላይ ልዩነቱ ወደ 36 እጥፍ ይወርዳል። ይህን ስናይ የ1957ቱ ነጠላ መብራት ለየትኛው ታርጋ ይበልጥ እንደሚስማማ ግልጽ ይሆናል። አሜሪካ ለፖርሼ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ የኒውዮርኩ አስመጪ ማክስ ሆፍማን ምክር ስፒድስተር የተባለውን ዓይነት እስከማስወለድ ደርሷል። በአንጻሩ ጀርመን ውስጥ ሐምሌ 1 ቀን 1956 አዲሱ የታርጋ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ፤ በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ያለው፣ የከተማውን ምልክት ከፊት የሚያስቀድም ነበር። መኪናው ለሁለት አገር፣ ለሁለት የተለያየ መጠን መሥራት ነበረበት፤ አንድ ማዕከላዊ መብራት ሁለቱንም እኩል ሊያገለግል አይችልም።

በአንዱ መብራት ፈንታ እርሱን የሚያክሉ ሁለት አድርገን እያንዳንዱ የረጅሙን ታርጋ ግማሽ እንዲይዝ ብናደርግስ? ዳር ያለው ፊደል የሚያገኘው ብርሃን ወደ አምስት እጥፍ ያድጋል፤ በደማቁና በደብዛዛው መካከል ያለው ልዩነትም ከ100 በላይ ከነበረው ወደ 22 ይወርዳል። ለዚህ ነው የ356 ቢ ሐሳብ ትክክል ነው የምለው። አምፖሉን ማጉላት መካከሉን ይበልጥ ያነጣል እንጂ ዳሩን አያድነውም።

ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በጀርመን የዛሬው ደንብ የኋላ ታርጋ መብራት ታርጋውን በሙሉ ከ20 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ማድረግ አለበት፤ መብራቱም በቀጥታ ወደ ኋላ ብርሃን መልቀቅ የለበትም ይላል። በ1964 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት አራተኛው የተሽከርካሪ ደንብ ደግሞ በታርጋው ላይ በሚለኩ ነጥቦች ሁሉ ብርሃኑ ቢያንስ 2.5 ካንዴላ በካሬ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሲኬድ ለውጡ ድንገተኛ እንዳይሆንም ገደብ ያበጃል። በ1957 የተሠራን መብራት ከዚያ በኋላ በወጣ ደንብ መኮነን ተገቢ አይሆንም። ደንቡ የሚጠቅመን ጥሩ ብርሃን ማለት ምን እንደሆነ ስለሚያስረዳ ነው፦ ብዛቱ ብቻውን አይበቃም፤ እኩል መሰራጨቱና ከተመልካቹ ዓይን መሰወሩ ይፈለጋል።

ስድስት ቮልት

የ356ን ጀርባ የሚያጨልመው ሌላው ምክንያት ከንድፉ ጀርባ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። መኪናው እስከ ዘመኑ መጨረሻ በመደበኛነት በ6 ቮልት ይሠራ ነበር። በ5 ዋት አምፖል ላይ ይህ ማለት ወደ 0.83 አምፔር ኤሌክትሪክ ማለት ነው፤ በ12 ቮልት ቢሆን ኖሮ ግማሹ ይበቃ ነበር። ብዙ ኤሌክትሪክ በተዳከመ መገናኛ ሲያልፍ ብዙ ይባክናል።

ከመብራቱ ቤት ጋር የሚገናኘው ብሎን ዝጎ ግማሽ ኦም የሚያህል ተቃውሞ ተፈጠረ እንበል። በ12 ቮልት መኪና አምፖሉ ከብርሃኑ 6 በመቶ ያህል ያጣል፤ ማንም አያስተውለውም። በ6 ቮልት ግን የሚያጣው ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል፤ የአምፖል ብርሃን ቮልቱ ጥቂት ሲወርድ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ይቀንሳልና። ስለዚህ የአንድ 356 ታርጋ ሲደበዝዝ አምፖሉን ከመውቀስ በፊት የመመለሻውን መስመር፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን፣ መመርመር ያሻል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እርሱ ነው፤ መብራቱ የሚታሰርበት ብረት ቀለም ሲቀባ የኤሌክትሪኩ መንገድ አብሮ ይዘጋል።

የተጓዳኙ ምሳሌ

356 ለምን መጀመሪያውኑ እንደዚያ አልታሰበም? ብሎ መጠየቅ ይቻል ይሆናል፤ ዘመኑ አይፈቅድም ነበር የሚል መልስ ግን አያስኬድም። በ1961 ጄኔቫ ላይ የቀረበውን ጃጓር ኢ-ታይፕ እንውሰድ። ማልኮልም ሴየር የነደፈው ይህ መኪናም ጀርባው ሁለንተናው ኩርባ ነው። ነገር ግን የኋላ ፓራውልቱ ለሁለት ተከፍሎ መካከሉ ለታርጋው ተለቋል። ታርጋው ከሁለቱ የፓራውልት ቁራጮች መካከል ሲቀመጥ የጥንቅሩ አካል ይሆናል፤ ቢነሳ ቦታው ባዶ መስሎ ይታያል። የ356 ታርጋ ቢነሳ ግን ገላው ምንም አይጎድልበትም። በሁለቱ መካከል ያለው የአስተሳሰብ ልዩነት በዚህ ይገለጣል። በ1968 የአሜሪካ ደንቦች የኢ-ታይፕን የኋላ መብራቶች ከፓራውልቱ በታች እንዲወርዱ ሲያስገድዱ ያ ሚዛን መናጋቱም የሚያስተምረን ነገር አለ፦ ግዴታው አስቀድሞ ሲታሰብበት ከውበቱ ጋር ይኖራል፤ በኋላ ሲጫን ይጎረብጣል።

ለሚያድሱት

ዛሬ 356 በእጃቸው ያለ ሰዎችና የሚያድሱላቸው ባለሙያዎች የዚህ ሥራ ተባባሪ ደራሲዎች ናቸው። ስለዚህ የእነርሱም ውሳኔ ሂስ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚታዩ ሦስት ስህተቶች አሉ።

አንደኛው፣ የ1957ን መብራት በቀደመው መኪና ላይ ወይም የቀደመውን በኋለኛው ላይ መግጠም ነው። እያንዳንዱ የመብራት ቤት ለራሱ ኩርባና ለራሱ ቀዳዳ የተሠራ ነው፤ በሌላው ላይ ሲገጠም ከስሩ ያለው የላስቲክ ንጣፍ ገላው ላይ በሙሉ አይቀመጥም፣ ውኃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። ባትላሜራው አላስፈላጊ ቀዳዳ በበሳ ቁጥር የመኪናው ታሪክም አብሮ ይበሳል።

ሁለተኛው፣ አምፖሉን በኤልኢዲ መለወጥ ነው። ኤሌክትሪክ መቆጠቡ እውነት ነው፤ በ6 ቮልት መኪና ላይም ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ይሁንና የድሮው መስተዋት የተቀረጸው ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ለሚበትን ትንሽ ክር ነው። ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወረውር ኤልኢዲ እዚያ ሲገባ የታርጋውን አንድ ክፍል ያነጣና ሌላውን ይተወዋል። ቀዝቃዛው ሰማያዊ ቀለሙም ከመኪናው ዘመን ጋር አይስማማም። መለወጥ ግድ ከሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ያለውንና ወደ ጎን የሚያበራውን መምረጥ ይሻላል።

ሦስተኛው ታርጋው ራሱ ነው። ታርጋውን ከገላው ኩርባ ጋር ለማስማማት የሚያጎብጡት አሉ። የጎበጠ ታርጋ ከመብራቱ ጋር ያለው ርቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ብርሃኑም ይዘበራረቃል፤ ከጎን ሲታይም ለማንበብ ያስቸግራል። ጀርመን ከ1997 ጀምሮ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ለሞላና በመልካም ይዞታ ላሉ መኪናዎች በቁጥሩ መጨረሻ ኤች የሚል ፊደል ያለበት ታርጋ ትሰጣለች። ክብር ነው፤ ግን አንድ ፊደል መጨመሩ ታርጋውን ሊያስረዝም ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ከኋላው አድርጎ፣ ጠርዙ ቀለሙን እንዳይፍቅ በላስቲክ ለይቶ፣ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። አጭር ቁጥር ማግኘት የሚቻል ከሆነም መጠየቅ አይከፋም።

ፍርዱ

እንግዲህ ሚዛኑ እንዲህ ይቆማል። ፖርሼ 356 እንደ ቅርጽ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የመኪና ሥራዎች አንዱ ነው፤ ይህን የሚቀንስ ነገር አላልኩም። ለታርጋው ግን ሲወለድ ቦታ አልተዘጋጀለትም። የመጀመሪያው ዘመን በትክክል አበራለት፣ መስመሩን ግን ሰበረ። የ1957ቱ መስመሩን አዳነ፣ ብርሃኑን ግን አጎደለ። የ1959ኙ ብርሃኑን ወደ ዳር ወስዶ ችግሩን ከምንጩ ፈታ፤ በዚህ ረገድ ከሦስቱ ብልጫው የእርሱ ነው። ለማየት የምመርጠው 356 ኤን ነው፤ ማታ ከኋላው እየነዳሁ ቁጥሩን ማንበብ ካለብኝ ግን 356 ቢን።

ለአንባቢ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጀርመን የምትኖሩ ወገኖች በትሱፈንሃውዘን ያለውን የፖርሼ ሙዚየም ስትጎበኙ፣ አዲስ አበባ ያላችሁም በመንገዳችሁ አንድ አሮጌ ቮልስ ስታገኙ፣ ከፊቱ አልፋችሁ ጀርባው ዘንድ ቁሙ። ታርጋው የት እንደተቀመጠ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣለት ተመልከቱ። አሮጌ መኪና በእጃችሁ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ መብራቱን አብሩና ከ20 ሜትር ርቃችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል አንብቡ። ካልተነበቡ አምፖሉን ከመለወጣችሁ በፊት መስተዋቱን ጥረጉ፣ ማሳውንም አጽዱ።